ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? መሄጃውና መመለሻው ለየቅል ነው

«ስንት ሰዓት ነው የሚፈጀው?» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው አይጠፋም። የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ከዘመድ ከወዳጅ መካከል እናቱን ወይም አባቱን ለማስመጣት የሚሰናዳ ሁሉ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ስለሚያማክረኝ ጥያቄውን ለምጄዋለሁ። መልሴ ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ «መሄጃው ነው ወይስ መመለሻው?»

መንገዱ ያው ነው፤ ርቀቱም ያው ነው። ግን ከቦሌ ተነስቶ ዋሽንግተን ለመድረስ 17 ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ ከዋሽንግተን ቦሌ ለመግባት 13 ሰዓት ገደማ ይበቃል። ይህን ሳያውቁ የተሳፈሩ ሰዎች አውሮፕላኑ መሃል መንገድ ላይ ሲያርፍ «ምን ተበላሽቶ ነው?» እያሉ ሲጨነቁ አይቻለሁ። በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበር ሽማግሌ በማያውቀው አገር፣ በሌሊት፣ ጎማው መሬት ሲነካ ደረስኩ ብሎ ቀበቶውን ፈትቶ ይነሳል። አስቀድሞ የተነገረው ግን ብርድ ልብሱን ሰብስቦ እንቅልፉን ይቀጥላል። ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፈው።

በመጀመሪያ ስለ ርቀቱ። በቦሌና ዋሽንግተን አጠገብ ባለው በደለስ ኤርፖርት መካከል ያለው አጭሩ የአየር መንገድ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአብራሪዎች መለኪያ 6,240 የባሕር ማይል አካባቢ። (ደለስን ቴክሳስ ካለው ዳላስ ጋር እንዳታምታቱት። ሁለቱን የሚለያያቸው ራሱን የቻለ የሦስት ሰዓት በረራ ነው፤ ትኬት ላይ የከተማውን ስም አይታችሁ አረጋግጡ።) ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ጠፍጣፋ ካርታ ያየ ሰው አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ምዕራብ፣ በናይጄሪያ በኩል አድርጎ አትላንቲክን የሚያቋርጥ ይመስለዋል። ምድር ግን ክብ ናት። ክብ የሆነች ሉል ካላችሁ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥራችሁ ሞክሩት፤ ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣና ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጄሪያን፣ ስፔንን አልፎ አትላንቲክ ላይ እስከ 45 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ይጠጋል፤ ከዚያ ከካናዳ ጠረፍ በስተደቡብ ጎንበስ ብሎ ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል። ልጆቻችን ስክሪኑ ላይ ያለውን ካርታ እያዩ «ለምን ጠመዝማዛ ይሄዳል?» ሲሉ መልሱ ይኸው ነው። ጠመዝማዛ የመሰለው ነው ቀጥተኛው።

ይህ እንግዲህ በወረቀት ላይ ያለው ነው። በተግባር አውሮፕላኑ የሚሄድበት ሁልጊዜም ከዚህ ይረዝማል። ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ የአየር ክልሏን ለመንገደኛ በረራ ዘጋች። ሊቢያም ብዙ አየር መንገዶች የሚሸሹት ክልል ነው። ሁለቱም ደግሞ ያረፉት ልክ በክሩ ላይ ነው። ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ አውሮፕላን ኪሎ ሜትርም ነዳጅም ደቂቃም ይጨምራል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተጓዘ ሰው «እኔ ስሄድ ከዚህ ያነሰ ነበር» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ስንሄድ ለምን እንቆማለን?

ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም የሚገናኙት ወደ ምዕራብ በሚሄደው በረራ ላይ ብቻ ነው። አንደኛው የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ የተቀመጠ ኤርፖርት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። አውሮፕላን የሚነሳው ክንፉ አየሩን ተደግፎ ነው፤ ሞተሩም የሚገፋው ያንኑ አየር እየሳበ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ በቂ ድጋፍ የሚያገኘው በበለጠ ፍጥነት ሲንደረደር ነው፤ ሞተሩ ግን በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። መንደርደሪያው ደግሞ ማለቂያ አለው። ከዚህ የተነሳ አውሮፕላኑ ከቦሌ ሲነሳ ሊሸከም የሚችለው ክብደት ገደብ አለው። ሰው፣ ሻንጣና ጭነት ከሞላ ለነዳጅ የሚቀረው ክብደት ዋሽንግተን ድረስ በአንድ ትንፋሽ የሚያደርስ አይሆንም። ረጅሞቹ በረራዎች ማታ ማታ መነሳታቸውም ለዚህ ይጠቅማል፤ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይወፍራል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ የአየር ጅረት አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። በሰሜን አፍሪካም በአትላንቲክም ሰማይ ላይ ያልፋል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ደግሞ ይበረታል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ አውሮፕላን ይህን በግንባሩ ይቀበለዋል። የሚመለሰው ከጀርባው ይገፋዋል።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ከፊታችሁ ያለውን ስክሪን የበረራ ካርታው ላይ አድርጉትና አውሮፕላኑ ከመሬት ሲለካ ያለውን ፍጥነት አንብቡ። እኔ ጥር ላይ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ የምሳው ሰሃን ተነስቶ መብራቱ ሲደበዝዝ ቁጥሩን አየሁት፤ በሰዓት ከ1,050 ኪሎ ሜትር በላይ ይላል። ከጎኔ የተቀመጡት አባት ቁጥሩን አይተው «ይኼ ነገር እንዲህ ሮጦ ይችለዋል?» አሉኝ። አውሮፕላኑ እኮ አልሮጠም። በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ያው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፤ አየሩ ራሱ ተሸክሞት ስለሚሄድ ነው ከመሬት ሲለካ የሚጨምረው። በመሄጃው በረራ ያው ስክሪን 780፣ 800 እያለ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዘግም ታገኙታላችሁ። ሞተሩ ያው፣ ድምፁ ያው፣ የነዳጁ ፍጆታ ያው፤ መንገዱ ግን አልገፋ ይላል።

እንግዲህ ከቦሌ ሲነሳ ነዳጅ እንዳይሞላ ከፍታው ይከለክለዋል፤ ብዙ ነዳጅ የሚያስፈልገውም በዚሁ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ አርፎ ይቀዳል። በመመለሻው ሁለቱም ይገለበጣሉ፤ ደለስ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ በማይሞላ ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል፣ ነፋሱም ያግዘዋል። ሳይቆም ቦሌ ይገባል።

የማቆሚያው ከተማ ባለፉት ዓመታት ተቀያይሯል። ደብሊን ሆኖ ያውቃል፤ በምዕራብ አፍሪካ በኩል በሎሜ የሚሄድም አለ። ብዙ ሰው «ደብሊን ድረስ መሄድ መንገድ ማባከን ነው» ይላል፤ እኔ ግን ቁጥሩን ሳሰላው ተገረምኩ። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,465 ገደማ። ድምሩ 11,830 ይሆናል። ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የሃያ ደቂቃ በረራ እንኳ አይሞላም። ደብሊን መንገድ ላይ ናት ማለት ነው። በሎሜ ሲሆን ግን 4,150 እና 8,600 ተደምሮ 12,750 ይመጣል፤ ይህ ከቀጥታው በ1,200 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያየ ማቆሚያ ያላቸው በረራዎች ካጋጠሟችሁና ሰዓቱ የሚያሳስባችሁ ከሆነ የት እንደሚያርፍ ጠይቁ።

አራቱ ሰዓት እንግዲህ የሚሄደው እንዲህ ነው፦ ለማረፍ መውረዱ፣ ወደ ማቆሚያው መጠጋቱ፣ ነዳጅ መቅዳቱ፣ ሠራተኛ መቀየሩና እንደገና መውጣቱ አብዛኛውን ይበላል፤ የቀረው የነፋሱ ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ብቻ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ መንገደኛው ከመቀመጫው አይነሳም፤ ሻንጣም አይወርድም። ለሽማግሌዎቻችሁ ይህን በግልጽ ንገሯቸው፦ «መሃል ላይ ያርፋል፤ አትውረዱ፤ ዋሽንግተን ነው ሲባል ብቻ ተነሱ።» እኔ ለእናቴ በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ ከፓስፖርቷ ጋር አብሬ አስቀምጥላታለሁ።

ለሌላ መስመርም ራሳችሁ መገመት ብትፈልጉ የምጠቀምበትን ስሌት ልንገራችሁ። የሁለቱን ከተሞች የአየር ርቀት በኪሎ ሜትር ፈልጉ፤ ለ900 አካፍሉት፤ ለመንደርደር፣ ለመውጣትና ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። አትላንቲክን ወደ ምዕራብ የምታቋርጡ ከሆነ አንድ ሰዓት ገደማ ደርቡበት፤ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀንሱ። ወደ ደቡብና ሰሜን ለሚሄድ በረራ ነፋሱን እርሱት። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በዚህ ስሌት 13 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይጎድለዋል፤ በዞረው መንገድ ምክንያት ትንሽ ስትጨምሩበት ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ጋር ይገጥማል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት 5,350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ይመጣል፤ እውነተኛው በረራ ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው። ልዩነቱ እዚያም መንገዱ ስለሚዞር ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ደግሞ አየር ላይ የሚቆይበት ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላኑ ከበር ተላቅቆ በሌላው ከተማ በር ላይ እስኪቆም ያለው ነው። «ቀድመን ደረስን» የሚያሰኘውም ይኸው ነው፤ ነፋሱ ቢበረታ ወይም መንደርደሪያው ላይ ወረፋ ባይኖር ከተጻፈው ያነሰ ይፈጃል።

በትራንዚት የምትሄዱም ይህንኑ መለኪያ ተጠቀሙ። በፍራንክፈርት በኩል ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,900 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገድ ላይ ነች ማለት ነው። በኢስታንቡል 12,100 ይሆናል፤ አሁንም ደህና ነው። በዱባይ ግን መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ 2,500 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ከዚያ 11,350 ትመለሳላችሁ፤ ድምሩ 13,850 ገደማ ነው። ከዱባይ ዋሽንግተን ያለው ርቀት ብቻውን ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለውን ያክላል! ዋጋው ረክሶ ከሆነ ውሳኔው የእናንተ ነው፤ ለወጣት ችግር የለውም። ጉልበቱ ለሚያመው አባት ግን እኔ አልመርጥለትም።

አሁን ወደ ሰዓት አቆጣጠሩ ልግባ። ከርቀቱም ከነፋሱም በላይ ሰው የሚያጉላላው እሱ ነው።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት በሙሉ የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው። የመነሻው የአዲስ አበባ፣ የመድረሻው የዋሽንግተን። ስለዚህ ማታ 22፡15 ተነስቶ በማግስቱ 08፡00 ይደርሳል የሚል ያየ ሰው «አሥር ሰዓት እንኳ አይሞላም» ይላል። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። ዋሽንግተን ግን በማርች ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ መልሳ ትጎትታለች። በበጋቸው ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው 8። በክረምቱ 22፡15 ላይ ከቦሌ ስትነሱ ዋሽንግተን ገና ከቀኑ 14፡15 ነው። ከዚያ እስከ ጠዋት 08፡00 ስትቆጥሩ 17 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመጣል፤ በበጋው ግን በዚያው በትኬቱ ሰዓት 16 ሰዓት ከ45። ዘዴው ቀላል ነው፦ የመነሻውን ሰዓት መጀመሪያ ወደ መድረሻው ከተማ ሰዓት ለውጡት፣ ከዚያ ቁጠሩ።

እኛ ላይ ደግሞ የራሳችን አቆጣጠር ይደረብበታል። ትኬቱ 07፡30 ሲል በእኛ ከጠዋቱ 1፡30 ነው። አሜሪካ የቆየ ልጅ ስልክ ደውሎ «ነገ ሰባት ሰዓት ተኩል እገባለሁ» ይላል፤ አዲስ አበባ ያለው አጎት «ከምሳ በኋላ ነው» ብሎ ይተኛል። ልጁ ቦሌ በር ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ስድስት ሰዓት ይጠብቃል። ይህ በእኛ ቤተሰብ የደረሰ ነው፤ በሌሎችም ደጋግሞ ሲደርስ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሰዓት ስትናገሩ ቁጥሩን ብቻ አትናገሩ፤ «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በአበሻ» በሉ።

ከዚህም የሚከፋው የእኩለ ሌሊት በረራ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ለእኛ ግን ማክሰኞ የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው የሰኞ ሌሊት ነው። ትኬቱ ማክሰኞ 00፡40 ካለ ኤርፖርት መገኘት ያለባችሁ ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ቀን ተሰናድቶ፣ ዘመድ ተሰናብቶ፣ ማክሰኞ ማታ ቦሌ የደረሰ ሰው በረራው ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ቀኑን በኢትዮጵያ ለውጣችሁ ለወላጅ ስትነግሩ «ሰኞ ማታ ከቤት ትወጣላችሁ» ብላችሁ ንገሩ እንጂ የበረራውን ቀን ብቻ አትንገሩ።

አንድ ጥሩ ነገር ላካፍላችሁ። የአበሻ ሰዓት ከዋሽንግተን ሰዓት ጋር ሲተያይ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው። በበጋቸው የዋሽንግተኑ ሰዓት ላይ አንድ ጨምሩ፤ በክረምታቸው ሁለት። የሚመጣላችሁ የአዲስ አበባ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው። እዚህ በበጋ ከቀኑ 12 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። እዚህ ከጠዋቱ 8 ሲሆን እዚያ ከቀኑ 9። እዚህ ከቀትር በኋላ 6 ሲሆን እዚያ ከሌሊቱ 7፤ ያን ጊዜ እናታችሁን አትቀስቅሱ። ለእናቴ የእጅ ሰዓቷን ሳልነካ ይህን ብቻ ነው ያስተማርኳት፤ እኔን ልትደውልልኝ ስትፈልግ ራሷ እንደ ወቅቱ አንድ ወይም ሁለት ቀንሳ ትቆጥራለች።

በረራው ሰውነት ላይ የሚያደርገውም በአቅጣጫው ይለያያል። ማታ ከቦሌ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ በረራ ሌሊቱን እየተከተለው ነው የሚበረው። በታኅሣሥና በጥር ከተነሳችሁበት እስከምትደርሱበት ጨለማ ነው ማለት ይቻላል፤ 17 ሰዓት የሚረዝም ሌሊት ነው። መስኮት ዳር የተቀመጠ ሽማግሌ «እንዴት አይነጋም?» ማለቱ አይቀርም። ከዋሽንግተን ጠዋት ሲነሳ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጀምበሯ በፍጥነት ትወድቃለች፣ ሌሊቱ አጭር ነው፣ ሳይጠገብ ይነጋል። ለብዙ ሰው ወደ ምሥራቅ የሚደረገው ጉዞ ነው የሚከብደው፤ ሰውነት ቀኑን ከማሳጠር ማስረዘም ይቀለዋል። በደረሳችሁ ማግስት ሠርግ ወይም ፍርድ ቤት ቀጠሮ ካላችሁ፣ በሚቻል ከሆነ ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ ግቡ፤ ሰውነት የሚስተካከለው በግምት በቀን አንድ ሰዓት ያህል እየተጎተተ ነው።

እናቶች የሚፈሩት «ላይ ሰማይ ላይ አየር ያጥረኛል» የሚለውን ነው። ይህን በቁጥር ነው የማረጋጋቸው። አውሮፕላኑ 11,000 ሜትር ላይ ቢሆንም ውስጡ ያለው አየር ተጨምቆ የሚሞላ ነው። በቆዩት አውሮፕላኖች ውስጡ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር የሚመጣጠን ድረስ ሊሳሳ ይችላል፤ በቦይንግ 787 እና በኤርባስ ኤ350 ግን ከ1,830 ሜትር አካባቢ አይበልጥም። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነች። እንጦጦ ሥር ስትኖር ለኖረች ሴት የአውሮፕላኑ ውስጥ ከቤቷ ደጃፍ አይከብድም። ከዝቅተኛ አካባቢ ለሚመጣ ወይም የልብና የሳንባ ሕመም ላለበት ግን ይህ ስለማይሠራ ሐኪሙን ያማክር።

ይልቅ የሚያስቸግረው ድርቀቱና መቀመጡ ነው። የውስጡ አየር በጣም ደረቅ ነው፤ ውኃ ሳይጠማም መጠጣት ይገባል። ብዙ እናቶች መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ብለው ሆን ብለው አይጠጡም፤ ይህን አውቃችሁ የመተላለፊያው ዳር ወንበር አስመርጡላቸው፣ ሳያፍሩ ይነሳሉ። ረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ያሳብጣል፤ በደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግም ይችላል። ቁርጭምጭሚት ማንቀሳቀስ፣ በየሁለት ሰዓቱ ተነስቶ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ሐኪም ካዘዘ እግር ጠበቅ አድርጎ የሚይዘውን ካልሲ ማድረግ ይረዳል። መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ከሻንጣ ውስጥ አውጥተው በእጅ ቦርሳ ይያዙት። «ጠዋትና ማታ» የሚለው ትእዛዝ 17 ሰዓት በሚረዝም ሌሊት ትርጉም ያጣል፤ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች ከመነሳታቸው በፊት በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚወስዱ ሐኪማቸውን ጠይቀው በአዲስ አበባ ሰዓት ወረቀት ላይ ያስጽፉ። የእጅ ሰዓታቸውን እስኪደርሱ ድረስ እንዳይቀይሩት እኔ የምመክረው ለዚህ ነው።

አውሮፕላኑ ዋሽንግተን አርፏል ከተባለ በኋላ መንገደኛው ቢዘገይ የሚቀበለው ሰው ወዲያው እንዳይጨነቅ። ኢሚግሬሽኑ ወረፋ አለው፤ ሻንጣው ይዘገያል፤ ዊልቸር የጠየቀ ሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ ከአውሮፕላኑ ይወርዳል፣ ግን ብዙ ጊዜ በኢሚግሬሽን በኩል ፈጥኖ ያልፋል። እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ ዊልቸር መጠየቅ የእግር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከበር እስከ በር የሚያደርሰው ሰው ማግኛ ነው። ትኬት ሲቆረጥ አስመዝግቡ። ከደለስ ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚቀጥል ሰው ሻንጣው እስከ መጨረሻው ተመዝግቦ ቢሆን እንኳ ደለስ ላይ አንስቶ በጉምሩክ አልፎ እንደገና ማስረከብ አለበት። የአገሪቱ ሕግ ነው፤ መጀመሪያ የገባበት ኤርፖርት ላይ ነው የሚፈተሸው። ስለዚህ ለቀጣዩ በረራ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያላነሰ ክፍተት ይኑራችሁ፤ በአሜሪካ ክረምት የፊት ለፊቱ ነፋስ ሲበረታ መዘግየቱ የሚያጋጥመው በዚህኛው አቅጣጫ ነው።

ለሚቀበሉት ደግሞ፦ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የበረራ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ አስገብታችሁ የሚያርፍበትን ሰዓት እዩ። ማቆሚያው ከተማ ላይ ካረፈ በኋላ የሚታየው ግምት ትኬቱ ላይ ካለው የበለጠ ይታመናል፤ ከዚያ ወዲያ የቀረው አትላንቲክ ብቻ ነው።